ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ምንድን ነው?

አምና በቡሄ ዋዜማ፣ ፒያሳ ያለው ሰፈራችን ውስጥ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። በረንዳ ላይ ቡና ይጠጡ የነበሩት ጎረቤታችን፣ በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን የተዋጉ የቀድሞ ወታደር፣ ስኒውን ጥለው ግንቡ ሥር ተኙ። ሲነሡ ልብሳቸውን አራግፈው «ልጆቹን እንዳትቆጧቸው» ብቻ አሉ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን። ተረቱ የሚነግረን ግማሹን ነው፤ በልጥ የበረየው ሰው ልጥ መሆኑን ሲያይ ይስቃል። ድኅረ አደጋ ሰቀቀን (በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ PTSD)፣ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚቀረው የአእምሮ ሕመም፣ ያለበት ሰው ግን ለዚያች ቅጽበት ያንኑ እባብ እንደገና ያየዋል።

ብዙዎች ሕመሙን «መርሳት አለመቻል» ይሉታል። እኔ አልስማማም። ችግሩ ትዝታው ቀንና ቦታ ማጣቱ ነው። አንጎላችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል፣ የባሕር ፈረስ የሚመስል ክፍል አለ፤ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ያየነውን «የት? መቼ?» ብሎ ይመዘግባል። ከጎኑ ያለው አሚግዳላ የሚባል ክፍል ደግሞ ዘበኛ ነው፤ አደጋ ሲመስለው ቀን ሳይጠይቅ ይጮኻል። ዘበኛውን የሚያረጋጋው ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ነው። ሕመምተኞች ያን ክፉ ቀን እንዲያስታውሱ ተደርጎ አንጎላቸው ሲታይ፣ በብዙ ጥናቶች አሚግዳላው ሲበረታ ይህ የግንባር ክፍል ይዳከማል። በአንድ ቀደምት ጥናት ቃል የምናወጣበት ክፍልም ደክሞ ታይቷል። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ጎረቤታችንን «እስቲ ስለ ጦርነቱ ያጫውቱን» ማለት ትቻለሁ።

ሂፖካምፐስ በሕመምተኞቹ ላይ አነስ ብሎ ስለሚገኝ፣ ጦርነት አሳነሰው ተብሎ ሲገመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ነገሩን አወሳሰበው። ቬትናም የተዋጉ አሜሪካውያን ውጊያ ካላዩት ተመሳሳይ መንትዮቻቸው ጋር ተነጻጸሩ፤ ሰቀቀኑ የጸናበት ወታደር ሂፖካምፐስ ትንሽ ሲሆን፣ ቤቱ የቀረው ወንድሙም እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ትንሽነቱ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከጦርነቱ በፊት የነበረ ነው። ይህ ደካማነት አይደለም፤ አንድ ምሽግ ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች ለምን እኩል እንዳልታመሙ ይጠቁማል እንጂ።

ሕክምናውም ማስረሳት አይደለም። ከዋነኞቹ ሕክምናዎች በአንዱ ታማሚው ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ ታሪኩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ደጋግሞ ይተርካል፤ ያለፈው ያለፈ እስኪሆን ድረስ። ቡና ላይ ድንገት ከሚወረወር ጥያቄ ይህ በጣም ይለያል።

ዘንድሮ ልጆቹ ራሳቸው ዘዴ አግኝተዋል። ጅራፉን ከማንሣታቸው በፊት አንዱ ወደ በረንዳው ይጮኻል፦ «ጋሼ፣ ጅራፍ ነው! ቡሄ ነው!»