የታካሚ ምስጢር ምንድን ነው? የባልደረባን ጥፋት ማሳወቅስ ምስጢር ማውጣት ይባላል?

የታካሚ ምስጢር ማለት አንድ ሰው ለመዳን ሲል ለጤና ባለሙያ የገለጠው፣ ወይም ባለሙያው በሕክምናው ሂደት ያየው፣ የሰማውና የተረዳው፣ ያለ ታካሚው ፈቃድ ከሕክምናው ዓላማ ውጭ ሊወጣ የማይገባው ማንኛውም ነገር ነው። ምስጢር ሲባል ብዙዎች የበሽታውን ስም ብቻ ያስባሉ። ይሁን እንጂ ሰውየው ሆስፒታል መተኛቱ ራሱ፣ ማን መጥቶ እንደጠየቀውና ማን እንዳልጠየቀው፣ የሕክምናውን ወጪ የሸፈነለት ማን እንደሆነ፣ ከማደንዘዣ ሲነቃ የቀባጠረው ቃል፣ ልብሱ ሲወልቅ ጀርባው ላይ የታየው የድሮ ጠባሳ ሁሉ ከምስጢሩ ይቆጠራል። አማርኛ ለዚህ ነገር ሆስፒታል ከመኖሩ በፊትም ቃል ነበረው፤ ገመና ይለዋል። ገመና ሰው ለጎረቤት ቀርቶ ለገዛ ወንድሙ የማይገልጠው ነው። ነርስ ግን የማታውቀውን ሰው ገመና ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ስሙን በቅጡ ሳትይዝ ታያለች።

ከምስጢር ጋር አብሮ የሚነሣው ግላዊነት ትንሽ ሰፋ ያለ ሐሳብ ነው። ግላዊነት ሰው አካሉና ሕይወቱ ያለ ፈቃዱ እንዳይታይና እንዳይነካ ያለው መብት ሲሆን፣ ምስጢር ጠባቂነት ደግሞ እርሱ አምኖ ያሳየንን ነገር ይዘን የመቆየት የእኛ ግዴታ ነው። የሽንት ቱቦ ሲገባ መጋረጃ ሳይጋረድ ቢቀር ግላዊነት ተደፈረ እንላለን፤ ስለዚያው ታካሚ በምሳ ሰዓት ካፍቴሪያ ውስጥ ቢወራ ምስጢሩ ወጣ እንላለን። በተግባር ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይጣሳሉ።

ከዓመታት በፊት በውስጥ ደዌ ክፍል የማታ ተረኛ ሳለሁ ያየሁትን ልግለጽ። ከዋርዱ ክፍሎች አንዱ ስምንት አልጋ ነበረው፤ በየአልጋው ሥር ደግሞ አስታማሚ አለ፣ አንዳንዱ ጋር ሁለትም ሦስትም። ባልደረባዬ የመድኃኒቱን ጋሪ እየገፋች መጣችና ገና በሩ ላይ እንደቆመች «ሰባት ቁጥር፣ ኤአርቲሽን ከቤት ይዘሽ መጥተሻል ወይስ ከፋርማሲ ይውጣልሽ?» አለች። ሰባተኛው አልጋ ላይ የተኛችው ወጣት ሴት ነበረች፤ አጠገቧ ተቀምጠው አጥሚት በኩባያ የሚያጠጧት አማቷ ነበሩ። ኤአርቲ የኤችአይቪ መድኃኒት እንደሆነ በአገራችን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ኩባያው በአማቷ እጅ ላይ ቆመ፤ ታማሚዋ ጋቢዋን እስከ ግንባሯ ሳበችው። ባልደረባዬ ክፋት አልነበራትም። ያን ሌሊት ከሠላሳ በላይ ታካሚ የያዝነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ከበር ሆኖ መጠየቅም የዕለት ልማዳችን ሆኖ ነበር። ምስጢር በአብዛኛው የሚወጣው እንዲህ ነው፤ በተንኮል ሳይሆን በጥድፊያ፣ በድምፅ ከፍታ፣ በርክክብ ሰዓት አልጋ ላይ ክፍት በተተወ ካርድ። ከአፍ የወጣ ግን አፋፍ ነውና፣ ባለማሰብ የተነገረውም ሆነ በተንኮል የተነገረው ቃል ታካሚው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ነው።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን መግለጥ ወንጀል ያደረገ ሲሆን፣ ከሐኪሞች ጋር ነርሶችን፣ አዋላጆችንና ረዳት የሕክምና ሠራተኞችን ጭምር ይመለከታል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ጎን መድቦታል። ይህ የመጨረሻው አዋጅ ትኩረት የሚሻ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ዛሬ ምስጢር የሚወጣው በአፍ ብቻ አይደለም። «ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው» ተብሎ ፊቱ ሳይሸፈን በቴሌግራም የሚሰራጭ የሕፃን ፎቶ፣ ለምክክር ተብሎ ስሙና የካርድ ቁጥሩ እየታየ ለጓደኛ የሚላክ የኤክስሬይ ምስል፣ ዓላማው መልካም ቢሆን እንኳ ከታካሚው ወይም ከአሳዳጊው ፈቃድ ካልተገኘበት ያው መተላለፍ ነው።

ምስጢር የማይገታቸው ሁኔታዎችም አሉ። ታካሚውን ለሚረከበው ተረኛ ወይም ሪፈር ለሚቀበለው ሆስፒታል የሚያስፈልገውን መንገር የሕክምናው አካል ነው። እንደ ኮሌራና ኩፍኝ ያለ የወረርሽኝ ጥርጣሬ ሲኖር ለጤና ጥበቃ ሥርዓቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ፍርድ ቤት በሕግ አግባብ ሲያዝም እንደዚሁ። በእነዚህ ሁሉ የሚነገረው ለሚመለከተው ሰው፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ የሚመጣው ምስጢሩን ያወጣው፣ ወይም ከዚያም የከፋ ጥፋት የሠራው ከጎናችን የሚሠራ ሰው ሲሆን ነው። ሥነ ምግባር የጎደለው ተግባር ሲባል ምስጢር ማውጣት ብቻ አይደለም። ምጥ ላይ ያለችን እናት መሳደብ ወይም መምታት፣ አልጋ ለማስያዝ ገንዘብ መቀበል፣ ፔቲዲን የተባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ለታካሚው እንደተሰጠ ፈርሞ ለሌላ ነገር ማዋል፣ ሰክሮ ተረኝነት መግባት ሁሉ ከዚሁ ውስጥ ናቸው። በጣም የተለመደውና በጣም የማይወራለት ግን ያልተለካን ቁጥር መጻፍ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የዋርዱን ቻርቶች ብታገላብጡ፣ የአሥራ ሁለት ሰው የደም ግፊት 120 በ80፣ የሁሉም ሙቀት 36.5 ሆኖ፣ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሕፈት ወርዶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ውስጥ ውስጡን የሚደማ ሰው ቢሆን፣ የጠዋቱ ሐኪም ያን ቻርት አይቶ ደኅና አድሯል ብሎ ያልፈዋል።

ይህን ያየ ነርስ ለምን ዝም ይላል? መልሱን ዋርድ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የሰው እንጀራ መዝጋት በእኛ ዘንድ ከባድ ነገር ነው። ያቺ ባልደረባ ልጅሽ ታሞ በቀረሽበት ቀን ተረኝነትሽን የሸፈነችልሽ፣ እናትሽ ባረፉ ጊዜ ለቅሶ ቤት ያደረችው ናት። አሳባቂ የሚለው ስም አንድ ጊዜ ከተለጠፈ አይላቀቅም፤ ዝም አይነቅዝም የሚለው ብሂልም አለ። ይህን ሁሉ አቅልዬ አላየውም። አንድ የሐሳብ ስሕተት ግን በግልጽ መነሣት አለበት፤ አንዳንዶች ዝምታቸውን «የሙያ ምስጢር ነው» በማለት ያስረዳሉና። የሙያ ምስጢር ማለት በሙያው ምክንያት የታወቀ የታካሚ ምስጢር ነው እንጂ ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚሸፋፈኑበት ምስጢር አይደለም። ባለቤቱ ታካሚው ነው። የግዴታው ዓላማ እርሱን መጠበቅ ከሆነ ደግሞ፣ እርሱን የጎዳውን ሰው ለመከለል ልንጠቀምበት አንችልም። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1953 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና በ2021 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብ ሁለቱንም ግዴታዎች አብሮ የያዘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ነርስ የሰውን የግል መረጃ በምስጢር ትይዛለች፤ የታካሚው ደኅንነት በሥራ ባልደረባ ወይም በማንም ሰው አድራጎት አደጋ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ተገቢውን እርምጃ ትወስዳለች ይላል።

ሁለቱ ግዴታዎች ፍርድ ቤት ድረስ የተጋጩ የመሰሉበት አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ዊንክለር በምትባል አነስተኛ አውራጃ ሆስፒታል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት አን ሚቸልና ቪኪሊን ጋል የተባሉ ነርሶች የአንድ ሐኪም አሠራር ታካሚዎችን እየጎዳ ነው ብለው ሰጉ። በ2009 እ.ኤ.አ. ስማቸውን ሳይገልጹ ለግዛቱ የሕክምና ቦርድ ደብዳቤ ጻፉ፤ በደብዳቤው ውስጥ የታካሚዎችን ስም ትተው የካርድ ቁጥራቸውን ብቻ አሰፈሩ። የአውራጃው የፖሊስ ሹም የሐኪሙ ወዳጅና ታካሚ ነበርና ጸሐፊዎቹን አሳድዶ ለየ። ሁለቱም ከሥራ ተባረሩ፤ የመንግሥት መረጃን ያለ አግባብ ተጠቅማችኋል ተብለውም በከባድ ወንጀል ተከሰሱ። የጋል ክስ ከችሎት በፊት ተነሣ፤ ሚቸል ግን በየካቲት 2010 እ.ኤ.አ. ዳኞች ፊት ቀረበች፤ እነርሱም አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው ነፃ አወጧት። ኋላ የታሰሩት የፖሊስ ሹሙ፣ የአውራጃው ዓቃቤ ሕግና ሐኪሙ ራሱ ናቸው። የአሜሪካው የጤና መረጃ ሕግ፣ ሂፓ የሚባለው፣ አንድ ሠራተኛ ታካሚ አደጋ ላይ ነው ብሎ በቅን ልቡና ካመነ ለተቆጣጣሪ አካል ወይም ለጠበቃው መረጃ መስጠቱን እንደ ጥሰት አይቆጥረውም። በዋሽንግተን አካባቢና በሚኒሶታ በነርስነትና በረዳት ነርስነት የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ፣ ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። ሂፓ የሚከለክለው ለጉዳዩ ባዕድ ለሆነ ሰው መንገርን እንጂ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ ማመልከትን አይደለም።

ከሁለቱ ነርሶች የምንማረው ትልቁ ነገር የአጻጻፋቸው ጥንቃቄ ነው። የባልደረባን ጥፋት የሚያሳውቅ ሰው በራሱ ሪፖርት ሌላ ምስጢር እንዳያወጣ መጠንቀቅ አለበት። ጥፋቱ ቀላልና የመጀመሪያ ከሆነ፣ እንደ በር ላይ ሆኖ መጠየቅ ያለ፣ ባልደረባዋን ለብቻዋ ጠርቶ «ሲስተር፣ ይህ ነገር ልክ አይደለም» ማለት ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜም ይበቃል። ታካሚው አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ከወረቀቱ በፊት አደጋውን ማስቆም፣ ማለትም የተሳሳተውን መድኃኒት መያዝ፣ ያልተለካውን ግፊት እንደገና መለካት፣ ሐኪሙን መጥራት ይቀድማል። ከዚያም ለዋርዱ ኃላፊ፣ ካልሆነም ሜትሮን ለምንላቸው የነርሶች ኃላፊ በጽሑፍ ይቀርባል። ጽሑፉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በዓይን የታየውንና በጆሮ የተሰማውን ይይዛል፤ «ሰክራ ነበር» ከማለት «የአልኮል ሽታ ነበራት፣ መርፌውን ሁለት ጊዜ ጣለችው» ማለት ይሻላል። ከሌላ ሰው የተሰማ ከሆነም እንደተሰማ ይገለጻል እንጂ እንደታየ ተደርጎ አይጻፍም። በታካሚው ስም ፈንታ የካርድ ቁጥሩ በቂ ነው። ቻርቱን በግል ስልክ ፎቶ ማንሣት አያስፈልግም፤ የት እንዳለ መጠቆም ይበቃል። ደብዳቤው ከገባ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ ሻይ ቤት ውስጥ መወራት የለበትም፤ የተጠቆመችውም ባልደረባ እስኪጣራ ድረስ የምትጠበቅ ክብር አላትና። ተቋሙ ካልሰማ በፌዴራልና በክልል ደረጃ የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር የሚመረምሩ ኮሚቴዎች አሉ፤ ሙያ ፈቃድን እስከ ማገድና መሰረዝ የሚደርስ እርምጃም በዚህ መንገድ ሊወሰድ ይችላል።

ያም ሆኖ ጠቋሚው ነርስ በበቂ ተጠብቋል ማለት አልችልም። በ2003 የወጣው የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 በዋናነት የተሠራው ለከባድ ወንጀሎች ነው፤ ያልተለካ የደም ግፊት የጻፈችን ባልደረባ ላመለከተ ሰው እምብዛም አይደርስለትም። በቀሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሕግ ስም የሚጠራ አይደለም። ተደጋግሞ የሚመጣ የበዓል ተረኝነት፣ የሚቀር የሥልጠና ዕድል፣ ሲገቡ ድንገት ዝም የሚል የነርሶች ክፍል ነው። ይህን ማስቆም የሚችለው የተረኝነት መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ኃላፊ ነው፤ ስለዚህ ጥቆማ የደረሰው ኃላፊ የጠቋሚውን ስም የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ እኔ ይህን ግዴታ ከታካሚ ምስጢር ዝቅ አድርጌ አላየውም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ታካሚው ራሱ ይነገረው ወይ የሚለው። ሊነገረው ይገባል እላለሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሚያስቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው፤ ምስጢሩ መውጣቱን ያላወቀ ሰው ሊያመለክት አይችልም፣ ይቅርታም ሊጠየቅ አይችልም። ያቺ ሰባተኛው አልጋ ላይ የነበረችው ሴት ግን በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። በማግሥቱ ጠዋት ሕክምናዋን ሳትጨርስ ልውጣ አለች፤ አማቷ በዚያን ሰዓት አልነበሩም። ካርዷ ላይ «በራሷ ጥያቄ ወጣች» ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደወጣች ግን አልጻፍኩም፣ ለማንም አላሳወቅኩም።