የእንጦጦ ጫካ ሩጫ

እንጦጦ አዲስ አበባን በሰሜን በኩል የከለለ ተራራ ነው። አናቱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ከተማዋ ራሷ ዝቅተኛ አይደለችም፤ መሀሏ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 3,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ዓለም የሚያውቃቸው የኢትዮጵያ ሯጮች ለዓመታት የተለማመዱት በዚህ አየር ውስጥ ነው።

በምልክት የታጠረ አንድ የሩጫ መስመር እዚህ የለም። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ዙር ያበጃል። ሙሉውን መሄድ የሚፈልግ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ይነሳል፤ በእንጦጦ ማርያም በኩል አድርጎ ጫካ ይገባል፤ ሸንተረሩን ተሻግሮ በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል፤ ከዚያ ይመለሳል። ብዙዎቹ ክለቦች ግን አትሌቶቻቸውን በሰርቪስ ወደ ላይ ያደርሷቸውና የዙሩን አንድ ክፍል ብቻ ይሮጣሉ። ሸንተረሩ የውሃ መለያያም ነው። በደቡብ ፊቱ የሚዘንበው ዝናብ ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በሰሜን ፊቱ ያለው በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። ሯጩ በአንድ ጠዋት ከአዋሽ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ተሻግሮ ይመለሳል ማለት ነው።

ጫካው የተፈጥሮ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ሰፍረው በነበረበት ዘመን የአገሩ ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አለቀ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃው አካባቢ ወርዶ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ምኒልክ ግን በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት እዚያው ተራራው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ተራራው በእሱ ተሸፈነ።

ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም ተብሎ ይወቀሳል። ወቀሳው ተገቢ ነው። ለሯጩ ግን ይሄው ጠባዩ መንገድ ከፍቶለታል። ከግንዶቹ ሥር ቁጥቋጦ ስለማይበዛ በማንኛውም አቅጣጫ ሰንጥቆ ማለፍ ይቻላል። የረገፈው ቅጠልና ልጡ ደግሞ መሬቱን ያለሰልሰዋል። አስፋልት የሚያደክመው ጉልበት እዚህ ያርፋል።

የጫካ ሩጫ ወግ አለው፤ ለእኔ የዚህ ልምምድ ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው። ሯጮች ተርታ ይዘው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ይሮጣሉ። ፊት ያለው መሪ ነው። ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከዛፍ ዛፍ እየተጠማዘዘ፣ ዳገቱን በአግድም እየቆረጠ ይወስዳቸዋል። ያልተረገጠ ቦታ ይመርጣል። ጉቶ ወይም ድንጋይ ሲመጣ በእጁ ጠቆም ያደርጋል፤ ምልክቱ እስከ መጨረሻው ሰው ይተላለፋል። ጉቶ ቀልድ አይደለም። ቅጠል ከሸፈነው አይታይም፤ አንድ ጊዜ ካደናቀፈ ወራት ሊያስተኛ ይችላል።

መሪውን ቀድሞ መውጣት ነውር ነው። ጉልበት የተረፈው ወጣት እንኳ ፊቱ ያለውን ተረከዝ እያየ ይከተላል። ቀላል ሩጫ በተባለበት ቀን ፍጥነቱ የውጭ እንግዳን ያስገርማል፤ አንዳንዴ ከፈጠን ካለ እርምጃ እምብዛም አይበልጥም። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ትናንት የደከመ ሰውነት ያገግማል። ሁለተኛ፣ እግሩ በየእርምጃው ሌላ ዓይነት መሬት ስለሚረግጥ ቁርጭምጭሚቱ ይጠነክራል። ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። ማራቶን 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚጠይቀውን ትዕግሥት ሰው የሚማረው ከሰው ኋላ ሲሮጥ ይመስለኛል። ለብቻ መሮጥን አብዛኞቹ አይወዱትም።

ከሸንተረሩ ባሻገር ሱሉልታ ሌላ ዓለም ነው። ዛፉ ያልቅና ሜዳው ይዘረጋል። ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ ፈጠን ያለ ልምምድ እዚህ ይመቻል። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራውም እዚሁ ነው። ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ጭቃው ጫማ ይነቅላል። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ይወጣበታል። ከዚያ ሣሩ ይታጨድና ድርቆሽ ሆኖ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች ይጫናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይወርዳል፤ ጓንት ያላደረገ ጣቱ አይታዘዘውም። ሯጩ ሜዳውን ከከብቶችና ከእረኞች ጋር ነው የሚጋራው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንጦጦን ሲወጣና ሲወርድ ያላየው የአካባቢው ሰው ጥቂት ነው። ቀነኒሳ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአዋቂዎች ምድብ በግሉ 11 ወርቅ ወስዷል። አገር አቋራጭ ደግሞ ሣር፣ ጭቃና ዳገት ነው። እዚህ ለተለማመደ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ተራራው ላይ ግን ከሯጮቹ የሚበልጥ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የማገዶ እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች ናቸው። ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ። የረገፈውን ቅጠልም ጠርገው ለእንጀራ መጋገሪያ ያወርዱታል። ጠባብ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ዳር ይዞ ማሳለፍ ግድ ነው። ሰላምታውም አይቀርም።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል። አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድ፣ ካፌና ምግብ ቤት መጥቷል። ከተማው አረፍ የሚልበት ቦታ ማግኘቱ ደስ ይላል። አገር በቀል ዛፎችን፣ እነ ጽድን፣ መልሶ መትከሉም ሊበረታታ ይገባል። የአፈሩ መንገድ ግን እንደ አፈር ቢተው እላለሁ። አንዴ ድንጋይ ከተነጠፈ ያ ልስላሴ አይመለስም።

መሞከር ለሚፈልግ፦ ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ወይም በእግር መውጣት ይቻላል። ጎህ ሳይቀድ ብቻዎን ጫካ አይግቡ፤ ጅብ አለ፤ ሌባም ሊያጋጥም ይችላል። ሦስት አራት ሆኖ መሄድ ይሻላል። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለእረፍት የመጡ ከሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት በእርምጃ ይጀምሩ። ራስ ምታት ከመጣ ወደ ታች መውረድ ነው። ክረምት ላይ ጥርስ ያለው ጫማ ያድርጉ፤ የረጠበ የባሕር ዛፍ ልጥ በጣም ያንሸራትታል። ጃኬትም ይያዙ፤ ላብ ካቆመ በኋላ የእንጦጦ ንፋስ ቶሎ ይበርዳል።