የጥንቃቄ ግዴታ ምንድን ነው?

የጥንቃቄ ግዴታ ማለት አንድ ትልቅ ኩባንያ በራሱ ሥራ ብቻ ሳይሆን በተቀጥላ ኩባንያዎቹና በአቅራቢዎቹ ሥራ ሳቢያ በሰው ሕይወት፣ በሠራተኞች መብትና በአካባቢ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ከባድ ጉዳት አስቀድሞ እንዲለይና እንዲከላከል፣ ይህን ባለማድረጉ ጉዳት ከደረሰም ካሳ እንዲከፍል የሚያስገድድ የሕግ ግዴታ ነው። ከበጎ አድራጎት ጋር አይገናኝም፤ ትምህርት ቤት ያሠራ ኩባንያም በዚሁ ግዴታ ሊከሰስ ይችላል።

ግዴታው ያስፈለገው እያንዳንዱ ኩባንያ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ስለሆነ ነው። ሸሚዝ ያዘዘ የአውሮፓ ድርጅት፣ ሸሚዙ በተሰፋበት ፋብሪካ አደጋ ቢደርስ «ፋብሪካው የእኔ አይደለም» ማለት ይችላል። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ፣ ዳካ አቅራቢያ፣ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሲደረመስ የዚህ መልስ ከንቱነት ፍንትው ብሎ ታየ። ሕንፃው ከአንድ ቀን በፊት ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በውስጡ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት፣ የልብስ ፋብሪካዎቹ ግን የራሳቸውን በማግስቱ መልሰው አስገቡ። 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከፍርስራሹ ውስጥ የታወቁ የአውሮፓ ልብስ ሻጮች ስም ያለባቸው ጨርቆች ተለቀሙ።

ፈረንሳይ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ያወጣችው ሕግ በአገር ውስጥ ቢያንስ 5,000፣ ወይም በዓለም ዙሪያ ቢያንስ 10,000 ሠራተኞች ያሏቸው ኩባንያዎች የጥንቃቄ ዕቅድ አውጥተው ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉና እንዲፈጽሙ ያዛል። እምቢ ያለውን ፍርድ ቤት ማስገደድ ይችላል። በረቂቁ የነበረውን የገንዘብ መቀጮ ግን የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ሰርዞታል። በእኔ አስተያየት ትልቁ ድክመት የማስረዳት ሸክሙ በከሳሹ ላይ መቅረቱ ነው፤ ዳካ ያለ የሟች ቤተሰብ ፓሪስ የተቆለፈበትን የኩባንያ ሰነድ ከየት ያመጣል?

ተመሳሳይ አስተሳሰብ የኢትዮጵያን ቡናም ነክቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት አስመጪው፣ ቡናው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱን በማሳው የጂፒኤስ መገኛ ጭምር ማረጋገጥ አለበት። በወረቀት ላይ ግዴታው የአስመጪው ነው፤ ማሳ ለማሳ እየዞረ መገኛውን የመመዝገቡ ልፋት ግን ሲዳማና ጅማ ውስጥ በጥቂት ቃዳ መሬት ቡና ለሚያለማው ገበሬና ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወርዷል።