ዴንሲቲ አልቲቲዩድ ምንድን ነው? ድሬ ቀትር ላይ ለአውሮፕላን ከሐረር በላይ የምትሆንበት ነገር

ትንሽ የግል ጀት ተነስታ ደቂቃዎች ሳትቆይ ወደቀች፣ የተሳፈሩት በሙሉ ሞቱ የሚል ዜና በመጣ ቁጥር እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለን የምንባባለው ያው ነው፣ አንዱ ፓይለቱ ነው ይላል ሌላው ሞተሩ ነው ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው በስንት ሰዓት ተነሳች፣ ሙቀቱስ ስንት ነበር የሚለውን ነው። መርማሪዎችም ቶሎ ከሚሰበስቡት መረጃ አንዱ እሱ ነው፣ ከሱ ተነስተው የሚያሰሉት ቁጥር ነው እንግዲህ ዴንሲቲ አልቲቲዩድ የሚባለው።

በአጭሩ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ አውሮፕላኑ ያለሁበት ከፍታ ይሄ ነው ብሎ "የሚሰማው" ከፍታ ማለት ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየር እንደሚሳሳ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን አየር ሲሞቅም ይሳሳል፣ ስለዚህ ሞቃት ቦታ ላይ የቆመ አውሮፕላን መሬት ላይ ሆኖም ተራራ ላይ እንዳለ ነው የሚሆነው።

የኛኑ ከተማ እንውሰድ። አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ከባህር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። በአቪዬሽን ስታንዳርድ ሂሳብ ባህር ወለል ላይ 15 ዲግሪ ይባልና ከዛ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ስለዚህ ድሬ ላይ "መሆን የነበረበት" ሙቀት 7.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። አቦ 7.5 ዲግሪ ድሬ ላይ ማን አይቶ ያውቃል! ከስታንዳርዱ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 36 ሜትር ገደማ ይደመራል። ቀን 8 ሰዓት ላይ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው እቤቱ ጋደም ባለበት ሰዓት ማለት ነው፣ 27.5 ዲግሪ ትርፍ አለ፣ እሱ ወደ 1,000 ሜትር ይመጣል። ድምሩ 2,150 ሜትር አካባቢ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እና ድሬ በዛች ሰዓት ለአውሮፕላኑ የደንገጎን ተራራ ሽቅብ ወጥተን ከምንደርስባት ከሐረር የካርታ ከፍታ በላይ ናት ማለት ነው። 38 ዲግሪ ከገባ ደግሞ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያን ከፍታ ሊነካ ምንም አይቀረው። ያው ማረፊያ ንጋት ላይ 20 ዲግሪ ሆኖ ብታሰሉት ግን 1,600 ሜትር አካባቢ ነው፣ በአንድ ቀን ውስጥ 500 ሜትር በላይ ልዩነት።

አየሩ ሳሳ እና ምን ሆነ ላለ ሰው፣ ሶስት ነገር ባንዴ ይመጣል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በፍጥነት መሄድ አለበት፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ላይ ለመድረስ ደግሞ ረጅም ራንዌይ ይበላል። ከመሬት ከተነሳ በኋላም ቶሎ አይወጣም። አይሱዙ የሚነዳ አጎቴ ጭነት ይዞ ደንገጎን የሚወጣው ሌሊት ነው፣ ለምን ስለው "ቀን ላይ ትንፋሽ ያጥራታል" ይለኛል፣ የመኪናው ጉዳይ ውስጥ የራዲያተር ነገርም አለበት ግን ቃሉ ልክ ነው። ልዩነቱ አይሱዙው ሲያቅተው ታኮ አድርጎበት ይቆማል፣ ጀቷ ግን ከራንዌዩ ጫፍ አልፋ 50 ሜትር ላይ መቆሚያ የላትም።

ዋናው አደጋ ያለው ደግሞ አንድ ሞተር ሲጠፋ ነው። ባለሁለት ሞተር ጀት በአንዱ ብቻ መውጣት ትችላለች ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ለዛ ሙቀትና ለዛ ከፍታ ከተፈቀደው ክብደት ካላለፈች ብቻ ነው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ያ የሚፈቀደው ክብደት ይወርዳል። ጠዋት በሙሉ ነዳጅ በሰላም የምትነሳ ጀት ቀትር ላይ በዛው ጭነት ከልክ በላይ የተጫነች ልትሆን ትችላለች፣ ሁለቱም ሞተር እየሰራ እስከተነሳች ድረስ ደግሞ ማንም ላያውቀው ይችላል።

ለዚህ ነው መርማሪ ስብርባሪው ጋ ብቻ የማይቀረው። አንዱ የነዳጅ ቦቴው ሰራተኛ ጋ ሄዶ ደረሰኙን ይቀበላል፣ ስንት ሊትር እንደተቀዳ እዛ ላይ አለ፣ ሊትሩ ወደ ኪሎ ይለወጣል። ሌላው የወደቀውን ሻንጣ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፣ ከፊሉ የተቃጠለ ከፊሉ በእሳት አደጋ ውሃ የራሰ ነው። የተሳፋሪዎቹም ክብደት ይገመታል። ይሄ ስራ ልብ ይሰብራል፣ የሰው ልጅ ሻንጣ ነው፣ ለልጁ የገዛው ጫማ ውስጡ ሊኖር ይችላል፣ ግን ያቺ ኪሎ ከሌለች ሂሳቡ አይሰራም። ከዛ የሜቲዎሮሎጂው የሙቀትና የግፊት መዝገብ ይመጣና በጀቷ ፍላይት ማኑዋል ሰንጠረዥ ላይ ይገባል፣ በዚህ ክብደት በዚህ ሙቀት ስንት ሜትር ራንዌይ ያስፈልጋት ነበር፣ በአንድ ሞተርስ ትወጣ ነበር ወይ ተብሎ ከሆነው ጋር ይተያያል።

ትንንሽ ጀቶች ላይ ይሄ ሂሳብ ይበልጥ ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ከ5,700 ኪሎ በታች ከሆኑት ብዙዎቹ ብላክ ቦክስ የመያዝ ግዴታ የለባቸውም። ያኔ የደህንነት ካሜራ ምስል፣ የራዳር ዱካ፣ ሰው በስልኩ የቀረፀው ቪዲዮ ሳይቀር ይሰበሰባል፣ ከቪዲዮው ድምፅ የሞተሩን ዙር ማስላት ይቻላል። የሞተሩን የፊት ምላጮችም ያያሉ፣ መሬት ሲመታ እየዞረ የነበረ ሞተር ምላጮቹ ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይታጠፋሉ።

ግን ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ምክንያቱ እሱ ነው ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ቤድፎርድ ላይ አንድ ገልፍስትሪም የግል ጀት ከመሬት ሳይላቀቅ ራንዌዩን አልፎ ሄዶ 7 ሰው ሞተ፣ ሲመረመር አውሮፕላኑ ሲቆም መሪዎቹን የሚይዘው መቆለፊያ አልተፈታም ነበር። ሁለቱ ፓይለቶች ከዛ በፊት ባደረጓቸው 175 መነሳቶች 98 በመቶው ላይ መሪውን ሙሉ በሙሉ ፈትሸው እንደማያውቁም ከዳታው ታየ። እኛም ጋ በ1981 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከባህር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ርግቦች ገብተው ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ አልቀዋል፣ እዛ ጥፋቱ የሙቀት አልነበረም። መርማሪ ዴንሲቲ አልቲቲዩድን የሚያሰላው ተጠያቂ ሊያደርገው ብቻ ሳይሆን ነፃ ሊያወጣውም ነው፣ ሰንጠረዡ "በዚህ ክብደት በሚገባ ትነሳ ነበር" ካለ ሌላ ቦታ መፈለግ ይጀመራል።

እና የአደጋ ሪፖርት ካጋጠማችሁ የማረፊያውን ከፍታና ዴንሲቲ አልቲቲዩዱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። ልዩነቱ 1,000 ሜትር ከሆነ ጀቷ የተነሳችው እንደኛ ቀትር በመሰለ ሰዓት ነው፣ ቀጥላችሁ የክብደቱን ገፅ ፈልጉ።