የአሜሪካ ሴኩሪቲ ክሊራንስ እና የግል ሥነ ምግባር ጥያቄ

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ምስጢር የሚያስነካ ሥራ ያለ ክሊራንስ፣ ማለትም ምስጢር ለማየት መንግሥት ከሚሰጠው ፈቃድ ውጭ፣ አይገኝም። ዜግነት ግድ ነው። በራስ ተነሳሽነት ማመልከትም አይቻልም፤ የሚያስጀምረው ቀጣሪው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አይቲ ውስጥ የገቡ ብዙ ሐበሾች ይሄን ደጃፍ ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ አመልካቹን በ13 መስፈርቶች ይመዝናል። ዕዳ፣ መጠጥ፣ ዕፅ፣ ውጭ አገር ያለ ቤተሰብ እያለ ይዘረዝራል። አምስተኛው የግል ሥነ ምግባር ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ሰው ይታመናል ወይ? በዚህ መስፈርት ደግሞ መርማሪዎችን እንደ ውሸት የሚያስቆጣቸው ነገር የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ኤስኤፍ 86 ከተባለው የማመልከቻ ቅጽ ነው። ከ100 ገጽ በላይ ነው፤ ሲሞሉት ያንገሸግሻል። ከአምስት ዓመት በፊት ማሪዋና ያጨሰ ሰው እንውሰድ። ቅጹ ያለፉትን 7 ዓመታት ይጠይቃል። «አዎ» ቢል ጊዜው ማለፉና መተዉ ያግዘዋል። «አይ» ብሎ ቢፈርም ግን ትንሹ ጥፋት ትልቅ ይሆናል፤ በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። በክፍለ ግዛቱ ሕግ ተፈቅዷል ማለትም አያዋጣም።

የረሳ ሰው ግን ዋሸ አይባልም። ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ መታየት አለበት። ለእኛ ሰው ይሄ ትርጉም አለው። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ፣ በኋላ ሌላ ወረቀት ላይ በፈረንጅ ተቀይሮ ይገኛል። የአያት ስም አንዱ ሰነድ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ቀድሞ ያስረዳው ሰው ብዙም አይቸገርም። ዝም ያለው ግን ኢንተርቪው ላይ ሲጠየቅ ላብ ያጠምቀዋል።

የተሳሳተ ነገር ከተጻፈስ? መመሪያው ለማቃለያ የሚቀበላቸው ምክንያቶች አሉት። ጠንካራው፣ መርማሪው ማስረጃ ዘርግቶ ከማፋጠጡ በፊት በራስ ፈቃድ ማረም ነው። ከተያዙ በኋላ ማመን እንደዚያ አይቆጠርም። ጥፋቱ ቀላልና የቆየ መሆኑ፣ ባህርይን ለማስተካከል ምክር ማግኘት፣ ከወንጀለኛ ጓደኛ መራቅም ይረዳሉ። ምስጢሩን ለሚስት ወይም ለአለቃ መንገርም ዋጋ አለው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም ማስፈራሪያ ሊያደርገው አይችልም።

ጥርጣሬው ካልጠራ የክስ ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ይመጣል። የመከላከያ ኮንትራክተር (ለመከላከያ መሥሪያ ቤቱ በውል የሚሠራ የግል ኩባንያ) ሠራተኛ ከሆኑ መልስ መስጫው 20 ቀን ነው። መልሱን በየነጥቡ፣ ከማስረጃ ጋር መጻፍ ይሻላል። ከፈለጉ ዳኛ ፊት ቀርቦ መከራከር ይቻላል፤ ጠበቃም ይፈቀዳል። ግን የማስረዳቱ ሸክም የአመልካቹ ነው፣ ጥርጣሬም ለመንግሥት ያደላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳለው ክሊራንስ የማንም መብት አይደለም። የተከለከለ የኮንትራክተር ሠራተኛ ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና መሞከር ይችላል።