ሳይደማ የሚያስከስስ ጥፋት፦ ሰውነት፣ ነፃነትና ስም በፍትሐ ብሔር ሕግ

ባሕር ዳር መናኸሪያ አካባቢ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች በተሳፋሪ ተጣሉ እንበል። አንዱ የሌላውን ኮሌታ ይዞ ገፈተረው። ብዙ ሰው «አልደማ፣ ምን ሆነ ታዲያ?» ብሎ ያልፈዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አያልፈውም። በአንቀጽ 2038 መሠረት ሆን ብሎ የሌላውን ሰውነት ያለ ፈቃዱ መንካት በራሱ ጥፋት ነው። ራስን ለመከላከል በልኩ የተደረገ ከሆነ አያስጠይቅም። ሕጉ ተማሪን በልክ መቅጣትንም ይፈቅድ ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ከልክሏል።

ነፃነትን መንካት ደግሞ ብዙ ሰው ጭራሽ ጥፋት መሆኑን የማያውቀው ነው። ከዘጌ ሲመለስ ባለ ጀልባው «ካልጨመራችሁ አትወርዱም» ብሎ ተሳፋሪዎቹን ቢያግታቸው፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን፣ ማንንም ባይነካም፣ በአንቀጽ 2040 ይጠየቃል። ባለ ሱቅም ሌባ ነው ብሎ የጠረጠረውን ሰው ሲይዝ በቂ ምክንያት ሊኖረውና ወዲያው ለፖሊስ ሊያስረክበው ይገባል። ጓዳ ዘግቶበት ማዋል አይችልም።

ስም ማጥፋት በአንቀጽ 2044 ሥር ነው። በሕይወት ያለን ሰው በንግግር፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ አድርጎ ክብሩን ወይም የወደፊት ኑሮውን አደጋ ላይ መጣል ማለት ነው። እዚህ ላይ «ልጎዳው አስቤ አይደለም» ማለት አያድንም። የተናገሩት እውነት መሆኑን ማስረዳት ግን፣ ለመጉዳት ብቻ ካልተባለ፣ ያድናል።

ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፦ ሕክምና፣ የቀረ የሥራ ገቢ። ለመንፈስ ጉዳት የሚከፈለው የሞራል ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ጣና ዳር ለአንድ ቤተሰብ የዓሣ ምሳ እንኳ ይበቃል ለማለት ይቸግራል። ይሄ ቁጥር መሻሻል አለበት፣ በጣም ዘግይቷል።

ተከሳሹ በወንጀል ነፃ ቢወጣም የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ ያንን ፍርድ ለመከተል አይገደድም (አንቀጽ 2149)። ስለዚህ «ፖሊስ መዝገቡን ዘጋው» ተብሎ ተስፋ አይቆረጥም።

አብዛኛው ሰው መብቱን የሚያጣው በጊዜ ነው። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) ያግደዋል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ያ ረጅሙ ይሠራል። ሽምግልና መቀመጥ ጥሩ ነው፣ እኔም እመርጠዋለሁ። ግን «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ከአዝመራ በኋላ» እየተባለ ሲገፋ ቀኑን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። የሕክምና ማስረጃውንና የምስክሮቹን ስም ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዙ።