ስከሊንግ ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ በሐምሌ አጋማሽ ከአሜሪካ ፎቶ ላከችልን። ከወገቧ እምብዛም በማይሰፋ ቀጭን ጀልባ ላይ ተቀምጣ በግራም በቀኝም ረጅም መቅዘፊያ ይዛለች። አርባዎቹን አጋምሳለች፤ ጎንደር ስናድግ ደግሞ የምናውቀው ብዙ ውሃ ለጥምቀት የሚሞላው የፋሲል መዋኛ ብቻ ነበር። «ለአዋቂዎች የተከፈተ የክረምት የቀዘፋ ትምህርት ቤት ገብቼ ስከሊንግ እየተማርኩ ነው» ትላለች። (ክረምት ያልነው በወሩ ነው። እሷ ዘንድ ፀሐይ ነው፤ እኛ ዝናቡ ከቤት አላስወጣን ብሏል።)

ፎቶውን ዕድሜያቸውን ጣና ላይ ለገፉ አንድ የጎርጎራ አባት ባሳያቸው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያዩት አቀማመጧን ነው። «እንዴ! ይቺ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ወዴት ነው የምትሄደው?»

ከእሳቸው ጥያቄ ልነሳ። አማርኛ «መቅዘፊያ» የሚለውን ቃል ለሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይጠቀምበታል። የታንኳ መቅዘፊያ ከታንኳው ጋር አይያያዝም። በሁለት እጅ ተይዞ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ውሃውን ይገፋል፤ ስለዚህ ሰውየው ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። በቀዘፋ ስፖርት ግን መቅዘፊያው ከጀልባው ጎን ወጣ ብሎ በተሠራ የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ይታሰራል። ያኔ ድንጋይ እንደሚፈነቀልበት ዘንግ ይሆናል፦ እጀታውን ወደ ደረት ሲስቡት ሰፊው ጫፍ (መዳፍ ልበለው) ውሃውን ይይዝና ጀልባውን ይነዳል። ሰው በእግሩ ረግጦ በጀርባው ሲስብ ትልቁን ጉልበቱን ያወጣል፤ ለዚያ ሲል ጀርባውን ለመንገዱ ይሰጣል። በየጊዜው ዞር እያለ ማየት የራሱ ዕዳ ነው።

ስከሊንግ ማለት እንግዲህ ከዚህ ስፖርት ውስጥ አንድ ሰው ሁለት መቅዘፊያ፣ በየእጁ አንድ አንድ ይዞ የሚቀዝፍበት ነው። ሌላው ዓይነት አንድ መቅዘፊያ በሁለት እጅ የሚያዝበት ነው፤ እሱ ጓደኛ ይፈልጋል፣ አለዚያ ጀልባው ክብ ሲዞር ይውላል። በኦሊምፒክ ስከሊንግ ለአንድ፣ ለሁለትና ለአራት ሰው አለ። ርቀቱ 2,000 ሜትር ሲሆን፣ ሴቶች መወዳደር የጀመሩት በ1976 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ ነው።

የአንድ ሰው የውድድር ጀልባ ርዝመቱ 8 ሜትር ገደማ ሆኖ ክብደቱ እስከ 14 ኪሎ ሊወርድ ይችላል። ውሃ ከሞላ ባለሃያ ሊትር ጀሪካን ይቀላል ማለት ነው። ውሃው ላይ የሚያርፈው ወርዱ ግን 30 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ባዶውን ውሃ ላይ ቢተዉት ራሱን ችሎ አይቆምም። ለጀማሪ ሰፋ ከበድ ያለ ይሰጣል እንጂ ጠባዩ ያው ነው።

ታዲያ ምን ያቆመዋል? መቅዘፊያዎቹ! እያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው፣ ውሃው ላይ ተዘርግተው ሲተኙ ገመድ ላይ የሚሄድ ሰው የሚይዘውን ዘንግ ይመስላሉ። ለእኔ የስከሊንግ ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ፍጥነትና ስለ ጉልበት የሚወራው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሁለቱ እጆች እኩል ከፍታ ላይ ካሉ ጀልባው ይረጋል። ቀኝ እጅ ዝቅ ካለ ጀልባው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የፈራ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? መቅዘፊያውን ለቆ የጀልባውን ጠርዝ ይይዛል፤ ያቆመውን ነገር ጣለ ማለት ነው፣ ወዲያው ይገለበጣል። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት በሕልሟ ሳይቀር «እጀታውን አትልቀቂ» ሲሏት ታድር ነበር።

እጀታዎቹ ደግሞ መሐል ላይ ይደራረባሉ። ብዙ ቦታ ግራው ከቀኙ በላይ ያልፋል፤ የጀማሪ የቀኝ እጅ ጀርባ በግራው ጥፍር ተቧጭሮ መክረሙ ከዚህ ነው።

አንድ ቅዘፋ መንከር፣ መግፋት፣ ማውጣት፣ መመለስ ነው። መቀመጫው በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ እግሮቹ ግን ከጀልባው ጋር በተያያዘ ጫማ ውስጥ ታስረዋል። ሲገፋ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ወገብ፣ መጨረሻ ክንድ ነው፤ ሲመለስ የተገላቢጦሽ። በክንዱ የጀመረ ቶሎ ይዝላል። መዳፉ ውሃ ሲነካ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲወጣ ጋደም ይላል። በጊዜው ካልወጣ ውሃው ይነክሰውና እጀታው ሆድ ይመታል፤ ፈረንጆች «ሸርጣን መያዝ» ይሉታል። እኔን የገረመኝ ግን ጀልባው ከሁሉ የሚፈጥነው ሰውየው ሲስብ ሳይሆን ሲመለስ መሆኑ ነው። ከጀልባው ብዙ እጥፍ የሚከብደው ሰውነቱ ወደ ጀልባው የኋላ ጫፍ ሲንሸራተት፣ የታሰሩት እግሮቹ ጀልባውን ከሥሩ ወደ ፊት ይስቡታል። ስለዚህ ተቻኩሎ የተመለሰ ፍጥነቱን ራሱ ይሰብረዋል።

መውደቅም የትምህርቱ ክፍል ነው። ዋና የማይችል አይጀምርም። ሆን ብለው ይገለብጧቸውና እንዲወጡ ያስተምሯቸዋል፦ ሁለቱን እጀታዎች አንድ ላይ ሰብስቦ በአንድ እጅ መያዝ፣ በሌላው ጀልባውን ተደግፎ በሆድ መውጣት፣ ከዚያ ዞሮ መቀመጥ። ይህን ስነግራቸው የጎርጎራው አባት ሳቁ። ታንኳ የደንገል ነዶ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል እንጂ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አይገለበጥም።

ጣና ላይ ይቻል ይሆን? ጠዋት ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ውሃው ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ቀጭን ጀልባ አያስቀምጥም፤ እምቦጭ በወረረበት ዳርቻ ደግሞ ሦስት ሜትር መቅዘፊያ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። የአክስቴ ልጅ ግን ከወዲሁ «ስመጣ አንዱን ይዤ ልምጣ?» ብላለች። ከጎንደር ጎርጎራ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስምንት ሜትር ጀልባ በየትኛው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እንደምንጭን ገና አልተስማማንም።